ጎማው የሚቆምበት

አጎቴ ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ ከተማ ይኖራሉ። 26 ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ዕረፍት ባገኙ ቁጥር ደግሞ ከኋላዋ የቆርቆሮ ክዳን የተገጠመላትን አሮጌ ቶዮታ ፒካፓቸውን አስነስተው ወደ ተራራ ይወጣሉ። እኔ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነው። ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን ማታ ደውለው «ነገ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እመጣልሻለሁ፤ ወፍራም ሹራብ ያዢ» አሉኝ።

በ285 አውራ ጎዳና ኬኖሻ ማለፊያን ተሻገርን፤ ሰፊውን የሳውዝ ፓርክ ሜዳ አቋርጠን፣ ቾክ ክሪክ የሚባለውን ጅረት ሽቅብ ተከትለን ጠዋት ሴንት ኤልሞ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1880 ወርቅና ብር ፈላጊዎች የቆረቆሯት፣ ማዕድኑ ሲያልቅ ሰው ጥሏት የሄደ የእንጨት ቤቶች መንደር ናት። ከእሷ በኋላ ያለው መንገድ ድንጋይ ነው። የቲንካፕን ማለፊያ ተሻግረን ሚረር ሌክ ዳር ስናርፍ ገና አራት ሰዓት ተኩል ነበር። የሚከተለውን ያወራነው በዚያው ዕለት ምሽት፣ ቡታጋዙ ላይ የተጣደው ጀበና እስኪደርስ ነው።

እኔ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ።

ጋሼ፦ በፍልሰታ ምን ቅያሜ አለ? ጠይቂ።

እኔ፦ ከሴንት ኤልሞ እስከ ማለፊያው ዐሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት ሰዓት ሊሞላን ምንም አልቀረው። ወገቤ አሁንም የሚንገጫገጭ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ መጥተው ሦስት ዓሣ አወጡና ሦስቱንም መልሰው ለቀቁ። ዓሣ ከሆነ ሰፈራችን ያለው ሱቅ በረዶ ላይ ተደርድሮ አለ እኮ።

ጋሼ፦ ዛሬ ጾም ነው። ስለ ዓሣና ጾም ሰው ብዙ ይከራከራል፤ እኔ እናቴ እንዳሳደገችኝ ነኝ፣ አልበላም። ጾሙ ሲፈታ ግን እመለሳለሁ። ሕጉ የፈቀደልኝን ያህል ይዤ እዚሁ እጠብሳለሁ። ስለዚህ መብላት ጠልቼ እንዳይመስልሽ። የሱቁን ዓሣ ፍለጋ ግን ይህን ያህል አልደክምም።

እኔ፦ ታዲያ ምን ፍለጋ ነው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ከመንገዱ ልጀምር፤ ቅሬታሽም የጀመረው ከእሱ ነው። ሴንት ኤልሞ ላይ ወርጄ ጎማዎቹን ሳስተነፍስ ምን አሰብሽ?

እኔ፦ የተበላሸ ነገር ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ጋሼ፦ አስፋልት ላይ 35 የነበረውን የነፋስ ግፊት ወደ 20 ነው ያወረድኩት። የተነፋ ጎማ ድንጋይ ላይ ይነጥራል። ነፋሱ ሲቀንስ ይለሰልስና ድንጋዩን እንደ መዳፍ ይጨብጠዋል። መኪናዋ አትዘልም፣ ያንቺም ወገብ ይተርፋል።

እኔ፦ ይህ ተርፎ ነው?

ጋሼ፦ ሳላስተነፍስ ብወጣ ልዩነቱን ታይው ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አፈሩ ነው። የማይጨብጥ ጎማ በቆመበት ይሽከረከራል። ጠጠሩን ይበትናል፣ ከሥሩ ያለውን አፈር ይፈታል። እዚህ በሐምሌና በነሐሴ እንደ አገራችን ክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም፤ ያንን የተፈታ አፈር ጠርጎ ጅረት ውስጥ ይጨምረዋል። ይህን አፈር አትርሺብኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ፦ እሺ። ሌሊት የተነሣነውም ለዝናቡ ነው?

ጋሼ፦ ለመብረቁ። ማለፊያው 3,700 ሜትር ነው፤ ዛፍ የለም፣ ከሁሉ በላይ ጎልተሽ የምትታዪው አንቺ ነሽ። ቀትር ሳይደርስ ወርዶ መገኘት ነው። ይህኛው ሐይቅ 3,340 ሜትር ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙም አይበልጥ። ለዚህ ይሆናል መጀመሪያ እዚህ የመጣሁ ዕለት ሰውነቴ እንግድነት ያልተሰማው። ቅድም ማለፊያው ላይ ከኮዳው ያፈሰስኩት ውኃስ ምን መሰለሽ?

እኔ፦ ግማሹን ወደዚህ፣ ግማሹን ወደዚያ አፈሰሱና ዝም አሉ። የጸሎት ነገር መስሎኝ አልጠየቅኩም።

ጋሼ፦ የአህጉሩ ውኃ የሚከፈለው እዚያ ጀርባ ላይ ነው። በመጣንበት በኩል የፈሰሰው በቾክ ክሪክ አርካንሳስ ወንዝ ይገባል፣ ከዚያ ከሚሲሲፒ ጋር ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። በዚህ በኩል ያለው ደግሞ ጋኒሰንን ይዞ ኮሎራዶ ወንዝ ገብቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። በመካከላቸው አንድ እርምጃ ነው። እንጦጦም እንዲሁ ናት። በሰሜኑ ገጽ የወረደው ዝናብ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ወደ ሽሮ ሜዳ የወረደው አዋሽ ገብቶ አፋር ውስጥ ይቀራል፣ ባሕር አያይም። ይህን የነገሩኝ አያትሽ ናቸው፣ ልጅ ሳለሁ እንጨት ልናመጣ ወጥተን።

እኔ፦ አያቴን እዚህ ድረስ ይዘዋቸው መጡ! ግን ውኃ መክፈሉ ከዓሣው ጋር ምን አገናኘው?

ጋሼ፦ ዓሣ ጀርባ ተሻግሮ አይሄድማ። ረጅም ፏፏቴም አይወጣም። እነዚህ የተራራ አናት ሐይቆች የበረዶ ግግር ቆፍሯቸው የሄደ ጉድጓዶች ናቸው፤ ከእነሱ የሚወርደው ጅረት በገደል የተቆራረጠ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ዓሣ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።

እኔ፦ ታዲያ ማን አመጣው?

ጋሼ፦ ሰው ነዋ። መጀመሪያ ቆፋሪውና ሰፋሪው፣ ወተት በሚያዝበት ትልልቅ ጣሳ ጨምሮ በበቅሎ እየጫነ። ከዚያ መንግሥት ገባበት። ከዚህ ተራራ ወዲያ ሌድቪል አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1889 የተቋቋመ የዓሣ ማራቢያ አለ። ዛሬ ደግሞ ሩቅ ለሆኑት ሐይቆች በትንሽ አውሮፕላን ነው። ጣት የማትሞላ የዓሣ ጫጩት ከላይ ይለቋታል፤ ከቅለቷ የተነሣ ብዙም ሳትጎዳ ውኃው ላይ ታርፋለች።

እኔ፦ እኔ ደግሞ «የሰው እጅ ያልነካው ቦታ» ብዬ ነው ለእናቴ ፎቶ ያነሣሁት።

ጋሼ፦ እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው። ቅድም ከያዝኳቸው ሁለቱ ብሩክ ትራውት ናቸው። ከምሥራቅ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ሆዳቸው እንደ ብርቱካን ሲቀላ ዓይን ይማርካሉ፤ ግን የአገሩን ዓሣ መኖና ቦታ ይሻሙታል። ሦስተኛውን ግን ልብ ብለሽ አይተሽዋል?

እኔ፦ ከመንጋጋው ሥር በግራና በቀኝ ቀይ መስመር አለበት፣ በምላጭ የተጫረ የሚመስል። ደም መስሎኝ መንጠቆው ጎዳው ብዬ ነበር።

ጋሼ፦ የተፈጥሮ ቀለሙ ነው። ከትስሮት ይሉታል፣ የታረደ ጉሮሮ ማለት ነው። የዚህ ተራራ ዓሣ የእሱ ዘር ነው።

እኔ፦ እጄን ውኃ ውስጥ እንድነክር ያስገደዱኝ ለምን ነበር? ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር እኮ።

ጋሼ፦ ደረቅ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን ልጋግ ይገፈዋል። ልጋጉ ከበሽታ የሚከላከልበት ልብሱ ነው። መንጠቆዬም እሾሁ በጉጠት የተደፈጠጠ ነው፤ ሥጋ ሳይቀድ ይወጣል።

እኔ፦ እጄ ላይ ሳለ ጎኑ ይመታ ነበር፣ ቶሎ ቶሎ። አፉን ከፈት ከደን እያደረገ ውኃው ውስጥ እንደያዝኩት ቆየ። ድንገት ጭራውን አንዴ መታና መዳፌ ባዶ ሆነ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል።

ጋሼ፦ እኔን ያስለመደኝ እሱ ነው። እንግዲህ አሁን አፈሩ ጋ እንሂድ። ዴንቨርን የሚያቋርጠው ወንዝ ሳውዝ ፕላት ነው። ተሳፋሪ ይዤ ስንት ሺህ ጊዜ በላዩ እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው። የዚያ ወንዝ ተፋሰስ ዓሣ ግሪንባክ የሚባል የከትስሮት ዘር ነበር። ማዕድን ቁፋሮው ጅረቶቹን በከለበት፣ ከውጭ የመጣው ዓሣ ቦታውን ወሰደበት፣ ሰውም ያለ ልክ አጠመደው። እ.ኤ.አ. በ1937 ጠፍቷል ተባለ።

እኔ፦ ጨርሶ?

ጋሼ፦ ጨርሶ ተባለ። በኋላ እዚህም እዚያም ቅሪት ተገኘ ተብሎ ደስታ ሆነ። እያራቡ ለቀቁት፤ በ1994 ኮሎራዶ የግዛቷ ዓሣ አድርጋ ሰየመችው። ከዚያ በ2012 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተይዘው ሙዚየም የተቀመጡ ዓሦችን ዘረመል ከዛሬዎቹ ጋር አመሳከሩ። ስንት ዓመት የተደከመበት ዓሣ አብዛኛው ሌላ ዘር ሆኖ ተገኘ። እውነተኛው ግሪንባክ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ቤር ክሪክ የምትባል ጅረት ውስጥ። ዘለሽ የምትሻገሪያት ናት።

እኔ፦ ቆይ፣ ቆይ። ቤር ክሪክ የምትፈሰው ወደ ሳውዝ ፕላት ነው?

ጋሼ፦ ጎበዝ! ወደ አርካንሳስ ናት። በሌላ ተፋሰስ። ዓሣው በራሱ ሊሻገር አይችልም። በ1880ዎቹ ገደማ፣ ፓይክስ ፒክ ተራራን በሚያስወጣው መንገድ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የነበረው አንድ ሰፋሪ ነው እንግዶቹ እንዲያጠምዱ ብሎ ኩሬ ሠርቶ ያስመጣው። ሰውየው የሚያስበው ስለ ገበያው ነበር። ዘሩ ግን የተረፈው በእሱ ነው።

እኔ፦ ሳያስበው።

ጋሼ፦ ሳያስበው። የቀረውንም ያጠፉት እንደ እሱ ሳያስቡ ዓሣ ከቦታ ቦታ የጫኑ ሰዎች ናቸው። አሁን ስሚኝ። ቤር ክሪክን ተከትሎ ሞተር ሳይክል የሚሄድበት የእግር መንገድ ነበር። ቦታው ቁልቁለት ነው። ጎማ አፈሩን ይፈታል፣ ዝናብ ወደ ጅረቷ ይጠርገዋል። ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር መካከል ነው። በጠጠሩ ክፍተት ንጹሕ ውኃ ሲያልፍ እንቁላሉ ይተነፍሳል፤ ደቃቅ አፈር ክፍተቱን ሲደፍነው ይታፈናል። በዚያው በ2012 የአካባቢ ተቆርቋሪዎች የደን አስተዳደሩን ከሰሱ፤ በጅረቷ ዳር ያሉት መንገዶችም ለሞተር ተዘጉ።

እኔ፦ ጀበናው ፈላ መሰለኝ።

ጋሼ፦ ተይው ትንሽ። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ነው። ፈላ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። ሽሮውንም ቤት ከምታቆዪው በላይ አቆዪው።

እኔ፦ እንግዲያው ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎም ባለ ጎማ ነዎት። የመጨረሻው ዓሣ በጎማ ምክንያት ሊታፈን ነበር ብለው እያዘኑ በፒካፕ ተራራ ይወጣሉ። ለምን በእግር አይመጡም?

ጋሼ፦ ጉልበቴ ነው። ግን ይህ መልስ አይሆንም፤ ጉልበት ያለውም በመኪና ነው የሚመጣው። የሠራሁትን ልንገርሽ። መኪናዋን በገዛሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ብቻዬን ነበርኩ። ሌላ ሐይቅ ነው፣ ስሙ ይቅር። መንገዱን ያልቀለጠ የበረዶ ክምር ዘግቶታል። መመለስ ነበረብኝ። በቀኝ በኩል ግን ለጥ ያለ የሣር ሜዳ አለ፣ ደረቅ ይመስላል። በዚያ ዞሬ ልለፍ አልኩ። ሃያ ሜትር አልሄድኩም። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ከላይ ነው፣ ከሥሩ የቀለጠ በረዶ ውኃ። መኪናዋ ቁጭ አለች። ነዳጅ ስሰጣት ጭራሽ ሰመጠች። ጥቁር ጭቃ እየተፈናጠረ የጎን መስተዋቱን ሸፈነው፤ እኔ ግን ነዳጅ መስጠቱን አልተውኩም። እልህ ያዘኝ።

እኔ፦ ብቻዎን እንዴት ወጡ?

ጋሼ፦ እዚያው አደርኩ። በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው መጣ፤ ራሱ ደረቁ መንገድ ላይ ቆሞ በሽቦ ገመድ ጎትቶ አወጣኝ። ገንዘብ ልስጥህ ብለው አልተቀበለኝም። ሜዳውን ብዙ ካየ በኋላ፣ «በየዓመቱ እየመጣህ እየው» ብሎኝ ሄደ።

እኔ፦ ሄዱ?

ጋሼ፦ አንድም ዓመት አልቀረሁም። ሁለት ቦይ ነው፣ ያን ጊዜ እስከ ጉልበቴ ይደርስ ነበር። እዚህ ከፍታ ላይ ሣር የሚያድገው በዓመት ሁለት ሦስት ወር ቢሆን ነው፤ ቦዩ ዛሬም አለ። ክፋቱ ደግሞ ማስጠላቱ ብቻ አይደለም። ሜዳው ውስጥ ሰርጎ ይቀር የነበረው ውኃ አሁን በእኔ ቦይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በዚያ በኩል ያለው ሣር እየደረቀ ነው። አፈሩ የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ።

እኔ፦ ምንም አይደረግለትም?

ጋሼ፦ የአገራችን ገበሬ ለቦረቦር የሚሠራውን ክትር ታስታውሻለሽ? ባለፈው ዓመት ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነን፣ ጠባቂዎቹ ባሳዩን መሠረት፣ ድንጋይና ግንድ በቦዩ ላይ አጋደምንበት። ውኃው እየቆመ ደለል መጣል ጀምሯል። በዚህ ዓመት ከመጀመሪያው ክትር ኋላ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ አየሁ። ጣት ታህላለች። ተንበርክኬ ነው ያየኋት።

እኔ፦ ከዚያ በኋላ መኪናዋን መሸጥ አላሰቡም?

ጋሼ፦ አስቤ ነበር። ግን ብሸጣት ቦዩ አይደፈን፣ እኔም አላየው። የተውኩት ሌላ ነገር ነው። የደን አስተዳደሩ ካርታ ላይ ለመኪና የተፈቀደ መንገድ ሁሉ በቁጥር ተጽፏል። ያልተጻፈ መንገድ፣ የሰው ጎማ ቢታይበትም፣ ለእኔ የለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው የዱር ቦታዎች ጥበቃ ሕግ ወዲህ ደግሞ ሞተር ጨርሶ የማይገባባቸው ተራሮች አሉ፤ በሩ ላይ አቁሜ እስከቻልኩት በእግሬ እሄዳለሁ። መንገድ መሀል ኩሬ ካለ በመሀሉ ነው የማልፈው። ሁሉም ላለመርጠብ በዳር ሲዞር ኩሬው እየሰፋ ሜዳውን ይበላዋል። ታክሲ ስነዳ የት እንደምቆም የሚነግረኝ ተሳፋሪው ነበር። እዚህ ነጋሪ የለም፣ እኔው ነኝ።

እኔ፦ ግሪንባኩስ እንዴት ሆነ?

ጋሼ፦ ተረፈ፣ እስካሁን። ከቤር ክሪክ እየወሰዱ አራብተው በ2014 ዚመርማን ሐይቅ ለቀቁት። እዚያ የያዝሽውን መልቀቅ ግዴታ ነው፤ መኪናሽን አውራ ጎዳናው ዳር ትተሽ በእግር ነው የምትደርሺው። ሌላ ሄርማን ገልች የሚባል ጅረት አለ። እዚያ በጎ ፈቃደኞች ጫጩቶቹን ውኃ በተሞላ ከረጢት፣ በጀርባ ቦርሳ እየተሸከሙ ወሰዷቸው። በ2022 በራሱ መራባት መጀመሩ ተነገረ። ያን ዕለት ተሳፋሪዬን «ግሪንባክ ወለደ!» ብዬው ግራ ገብቶት ዝም አለኝ።

እኔ፦ ባሌም ትራውት አለ፣ ያውቃሉ? ዲንሾ በኩል፣ ዌብ ወንዝ ውስጥ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄደን አይተናል፤ አስጎብኚው ከኬንያ የመጣ ነው አለን። ያኔ ዝም ብዬ ነው የሰማሁት።

ጋሼ፦ አውቃለሁ፣ አላየሁትም እንጂ። በጤና ከገባሁ ዲንሾ እንሄዳለን። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ዓሣው ስንት ነው ሳይሆን ከእሱ በፊት ውኃው ውስጥ ማን ነበር የሚል ነው። በይ ቅጂ አሁን፣ ደርሷል። ስንጨርስ ድስቱንም ጀበናውንም ቆሎውንም መኪና ውስጥ ቆልፊበት፤ ድብ የሽሮ ሽታ ከሩቅ ያውቃል። አንቺ ከክዳኑ ሥር ተኚ፣ እኔ ድንኳኑ ይበቃኛል።

ሌሊቱን በረደ። ንጋት ላይ የሐይቁ ገጽ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር፤ ዓሦቹ ዝንብ ለመልቀም ብቅ ሲሉ ውኃው ክብ ክብ እየሠራ ይሰፋል። አጎቴ ዘንጋቸውን አላወጡም። በሶ በጥብጠን ጠጣንና ወደ ማለፊያው ለመመለስ ተነሣን። ትንሽ እንደሄድን ከፊታችን መንገዱን ያጥለቀለቀ ኩሬ ገጠመን።

ጋሼ፦ እስቲ ወርደሽ እይልኝ።

እኔ፦ በግራ በኩል ሰው የዞረበት አለ። ደረቅ ነው፣ ምቹ ነው።

ጋሼ፦ ጠጠር ነው ሣር?

እኔ፦ ሣር። ሁለት መስመር ወጥቶበታል፣ አዲስ ነው። ቆይ፣ ኩሬውን በዱላ ልለካው።

ጋሼ፦ ጫማሽን አውልቂ።

እኔ፦ ይበርዳል! እስከ ቅልጥሜ ነው። ከሥር ድንጋይ ነው፣ አይሰምጥም። በመሀል ይምጡ። ቀስ። ወደ ቀኝ፣ ትንሽ። ይምጡ፣ ይምጡ። ጋሼ፣ የግራው ጎማ ሣሩን ሊነካ ነው፣ ይቁሙ!

ጋሼ፦ ቆሜያለሁ።

እኔ፦ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ይመለሱና መሪውን ያቅኑ።